የስኪድ ስቲር ሎደር ካፕለር አቀያየርና እንክብካቤ፦ ደረጃ በደረጃ

አዲስ ካፕለር ገጥመው ብዙም ሳይቆይ እንደገና የላላባቸው አሉ። ፒኑ አልገባም ብሎ ቀኑን ሙሉ በመዶሻ ሲታገሉ የሚውሉ አሉ። እጀታውን ቆልፌያለሁ ብለው ሥራ ጀምረው ባኬቱ በአንድ ጎን ተንጠልጥሎ የቀረባቸውም አሉ። ብዙውን ጊዜ የጎደለው ጉልበት አይደለም። መለካት የነበረበት አልተለካም፣ መጽዳት የነበረበት አልጸዳም፣ መታየት የነበረበትም አልታየም።

ካፕለር የምለው ከስኪድ ስቲር ሎደሩ (ቆሞበት ቦታ ላይ መዞር ከሚችለው ትንሽ የመጫኛ ማሽን) ክንድ ጫፍ ላይ ያለውን፣ ባኬት ወይም ሹካ የሚያያዝበትን ሰሌዳ ነው። ከላይ አታችመንቱ (ባኬቱ፣ ሹካው ወይም ሌላው የሚገጠመው መሣሪያ) የሚንጠለጠልበት ጠርዝ አለው። ከታች ሁለት ሽብልቆች አሉ። እጀታዎቹ ሲወርዱ ሽብልቆቹ በአታችመንቱ የታችኛው ቀዳዳ ያልፋሉ፤ ሞላዎቹም ወደ ታች ገፍተው ይይዟቸዋል። ሰሌዳው ራሱ በሁለት ፒን ከክንዱ ጋር፣ በሌሎች ፒኖች ደግሞ ከማዘንበያ ሲሊንደሮቹ ጋር ይያያዛል።

## መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለዩ

ባኬቱ ስለተንቀጠቀጠ ብቻ ካፕለር አትዘዙ። መንስኤው ባኬቱም ሊሆን ይችላል።

1. ሰሌዳውን ፊትና ኋላ አጽዱ። የሽብልቆቹን መንገድ በተለይ። ታጭቆ የደረቀ አፈር ብቻውን ሽብልቁን ሙሉ በሙሉ እንዳይወርድ ያደርገዋል። ማጽዳቱ ብቻውን ችግሩን የፈታላቸው ብዙ ናቸው።

2. ሁለት የተለያዩ አታችመንቶችን ተራ በተራ ግጠሙ። በአንዱ ላይ ብቻ ከላላ ጥፋቱ የአታችመንቱ ነው፦ የታችኛው ቀዳዳው ሰፍቷል ወይም የላይኛው ከንፈሩ ታጥፏል። በሁለቱም ላይ ከላላ ወደ ካፕለሩ ተመለሱ።

3. አታችመንቱን አውርዱ፣ ክንዱን መጨረሻ ድረስ ዝቅ አድርጉ፣ ሞተሩን አጥፉ። ድጅኖ በሰሌዳውና በክንዱ መካከል አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ወዝውዙ። ፒኑ ቀዳዳው ውስጥ ሲጫወት ካያችሁ የተበላው ፒን ወይም ቡሺንግ (ፒኑ የሚዞርበት፣ ቀዳዳው ውስጥ የተቀመጠ ቀለበት) ነው። ይህ ከሆነ ሰሌዳውን ሙሉ መቀየር ላያስፈልግ ይችላል።

4. ብየዳዎቹን በሽቦ ብሩሽ ፍቃችሁ በባትሪ መብራት ተመልከቱ። የፒን ጆሮዎቹ (ፒን የሚያልፍባቸው ቀዳዳ ያላቸው ብረቶች) ከሰሌዳው ጋር የተበየዱበትን ቦታ አትዝለሉ። ስንጥቅ እንደ ቀጭን የዝገት መስመር ሆኖ ይታያል።

5. በላይኛው ጠርዝ ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋድሙ። መሃሉ ላይ ብርሃን ካለፈ ሰሌዳው ታጥፏል።

ሰሌዳው ከታጠፈ ወይም ጆሮው ከተሰነጠቀ ሰሌዳውን ቀይሩ። ሽብልቅ፣ ሞላ፣ እጀታ፣ ፒንና ቡሺንግ ግን ለየብቻቸው ይቀየራሉ።

## ከማዘዛችሁ በፊት ለኩ

ብዙ ገንዘብና ብዙ ቀን የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ የሚሠሩት አብዛኞቹ ማሽኖች አይ ኤስ ኦ 24410 የተባለውን የአያያዝ ደረጃ ይከተላሉ። ይህ ደረጃ ግን የሚናገረው ካፕለሩና አታችመንቱ ስለሚገናኙበት ፊት ነው። ከጀርባው ያለው፣ ከክንዱ ጋር የሚገጥመው ክፍል እንደየማሽኑ ይለያያል። "ሁሉም ላይ ይገባል" የተባለ ሰሌዳ ባኬታችሁን ይይዝ ይሆናል፤ ክንዳችሁ ላይ ግን አይገባም።

እነዚህን ለክታችሁ ጻፉ፦

- የፒኖቹን ውፍረት፣ ያልተበላው ቦታ ላይ በካሊፐር። የክንዱና የሲሊንደሩ ፒን አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።
- በጆሮዎቹ መካከል ያለውን ስፋት፣ በግራም በቀኝም።
- ከግራው ክንድ እስከ ቀኙ ክንድ ያለውን ርቀት።
- ከክንዱ ፒን መሃል እስከ ሲሊንደሩ ፒን መሃል ያለውን ርቀት።

የመጨረሻዋን ልክ ብዙ ሰው ይዘላታል። እሷ ከተሳሳተች ሁሉም ፒን ገብቶ እንኳ ባኬቱ በሚገባው ልክ ወደ ኋላ አይተኛም፣ ወይም ሲታጠፍ ክንዱን ይመታል። አሮጌው ሰሌዳ ታጥፎ ከሆነ ልኩን ከእሱ አትውሰዱ፤ በማሽኑ ሴሪያል ቁጥር ከክፍሎች መዝገብ ላይ አረጋግጡ። ሰሌዳውን ስታዙም ቁጥሩን ስጡ።

ሰሌዳው ሲቀየር ፒኖቹን፣ ቡሺንጎቹን፣ ሲሎቹን (አፈር እንዳይገባ የሚከለክሉትን ቀለበቶች) እና የፒን መያዣ ብሎኖቹን አብራችሁ እዘዙ። የተበላ ፒን አዲስ ቡሺንግ ውስጥ ከገባ አዲሱን ቶሎ ይጨርሰዋል።

## የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

ቡሶላና ረጅም እጀታ፣ ቶርክ ሬንች (ብሎን በተለካ ኃይል የሚያጠብቅ መፍቻ)፣ ከባድ መዶሻ፣ የነሐስ መምቻ፣ ዝገት አላቃቂ ዘይት፣ ድጅኖ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ካሊፐር፣ የግሪስ ጋን፣ ወፍራም የእንጨት ጉማጆች፣ ባለ ጎማ ክሪክ ወይም ፓራንኮ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ጓንት። አንድ ረዳትም ያስፈልጋችኋል። ሰሌዳው አንድ ሰው በእጁ ይዞ ሊያስተካክለው የሚችል ክብደት አይደለም። እግር ላይ ከወደቀ ይሰብራል።

## ደረጃ 1፦ ማሽኑን አሳርፉ

1. ጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ። አታችመንቱን አውርዱ።

2. ክንዱን የራሱ ማቆሚያ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ዝቅ አድርጉ። ሰሌዳውን ቀጥ ብሎ እንዲቆም አዘንብሉት።

3. ፓርኪንግ ብሬክ ያዙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ጎማዎቹን ፊትና ኋላ በጉማጅ ደግፉ።

4. የሃይድሮሊኩን ግፊት ልቀቁ። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ መቆጣጠሪያዎቹን በሁሉም አቅጣጫ ደጋግማችሁ አንቀሳቅሱ። በብዙ ማሽኖች ላይ ቁልፉ ካልበራና የመቀመጫው መከላከያ ዘንግ ካልወረደ ቫልቩ አይከፈትም። አሠራሩን ከማኑዋላችሁ እዩ።

5. ቁልፉን ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ደረጃ 4 ላይ እስክትደርሱ ማንም አያስነሳው።

6. በሰሌዳው የታችኛ ጠርዝና በመሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት በእንጨትና በክሪክ ሙሉ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ እንጨቱ ሰሌዳውን ይሸከም እንጂ ክንዱ በሰሌዳው ላይ አይረፍ። ክንዱ ሰሌዳው ላይ ካረፈ ፒኑን ባወጣችሁባት ቅጽበት ክንዱ ይወርዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ለመሥራት ክንዱ ከፍ ማለት ካለበት የክንዱን መደገፊያ ብረት ሳትገጥሙ ከሥሩ አትግቡ። ክንድ በዘይት ግፊት ብቻ ተይዞ ሰው ከሥሩ አይሠራም። ክሪክም የዚያ ምትክ አይደለም።

## ደረጃ 2፦ አሮጌውን አውጡ

ከመጀመራችሁ በፊት ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። በየጎኑ ስንት ሮንዴላ እንዳለ፣ የግሪስ ኒፕሉ (ግሪስ የሚገፋበት ትንሽ አፍ) ወዴት እንደዞረ፣ ቱቦ ካለ በየት እንደሚያልፍ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

1. የፒን መያዣ ብሎኖቹን ዝገት አላቃቂ ዘይት ቀቡ። ከተቻለ ከአንድ ቀን በፊት ጀምሩ።

2. ከማዘንበያ ሲሊንደሩ ፒን ጀምሩ። የመያዣውን ብሎን ፍቱ፣ ፒኑን በነሐስ መምቻ ግፉ። ፒን በቀጥታ በብረት መዶሻ አትምቱ። ጠንካራ ብረት ሲመታ ፍንጣሪው እንደ ጥይት ይወጣል፤ የፒኑም ራስ እንደ እንጉዳይ ይሰፋና ቀዳዳው ውስጥ አያልፍም። መነጽር የግድ ነው፣ ለአጠገባችሁም ሰው።

3. የሲሊንደሩን ጫፍ አንሱና በገመድ ወደ ክንዱ እሰሩት። የሚያብረቀርቀውን ዘንግ በጨርቅ ጠቅልሉት። አንዲት ጭረት ሲሉን ትቀደዋለች፤ ካፕለር ልትቀይሩ መጥታችሁ ሲሊንደር ትጠግናላችሁ።

4. አሁን ሰሌዳው በክንዱ ፒኖች ላይ በነጻ ይዞራል። ረዳታችሁ በፓራንኮ ወይም በክሪክ ይያዘው። እጁ በሰሌዳውና በክንዱ መካከል አይግባ።

5. የክንዱን ፒኖች አንድ በአንድ አውጡ። ፒኑ ግማሽ ወጥቶ ከተነከሰ መደብደብ አቁሙ። ክሪኩን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉና እንደገና ሞክሩ። ሸክም ያለበት ፒን አይወጣም፤ ሸክሙ ሲነሳለት ቀለል ባለ ምት ይንሸራተታል።

6. ሁለተኛው ፒን ከመውጣቱ በፊት ሰሌዳው በደንብ መደገፉን ድጋሚ እዩ። ከዚያ ወደ ፊት ጎትታችሁ አውጡት።

ፒኑ ጨርሶ እንቢ ካለ፦ ዘይት ቀብታችሁ አሳድሩት። የጆሮውን ዙሪያ በመዶሻ ቀለል አድርጋችሁ አንኳኩ፣ ዝገቱ ይለቃል። ሙቀት የመጨረሻ አማራጭ ነው። ጆሮውን እንጂ ፒኑን አታሙቁ። ቱቦና ሲል በአቅራቢያው ካለ ግን አታድርጉት። ግሪስ እሳት ይይዛል፣ እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር። አሮጌው ሰሌዳ የሚጣል ከሆነ ጆሮውን መቁረጥ የተሻለ ነው። ክንዱን አትንኩ፣ እሱ የሚጣል አይደለም።

## ደረጃ 3፦ ቀዳዳዎቹን አዘጋጁ

የቸኮለ ሰው የሚዘልለው ደረጃ ይህ ነው። አዲሱ ካፕለር የሚላላውም በዚህ ምክንያት ነው።

1. አሮጌውን ግሪስ በሙሉ ጥረጉ። ቡሺንጉን በጣት ሳይሆን በካሊፐር ፈትሹ። ውስጡን በሁለት አቅጣጫ ለኩ፦ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያም ከፊት ወደ ኋላ። ልኮቹ ከተለያዩ ቀዳዳው ሞላላ ሆኗልና ቡሺንጉን ቀይሩ።

2. አሮጌውን ቡሺንግ ልኩ በሆነ መግፊያ ግፉት። ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ ሻካራ ጠርዝ አይቅር።

3. አዲሱን ቡሺንግ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩ። ሲቀዘቅዝ በጥቂቱ ይጠባል፣ ሲገባ አይታገልም። የግሪስ ቀዳዳው ከክንዱ የግሪስ መንገድ ጋር ይግጠም። ካልገጠመ ግሪስ መቼም ወደ ፒኑ አይደርስም።

4. ሲሉን ከንፈሩ ወደ ውጭ ዞሮ ግጠሙት፤ አሮጌው ግሪስ እንዲወጣ፣ አፈር ግን እንዳይገባ።

5. ማንኛውንም ነገር ከመሰብሰባችሁ በፊት ግሪስ ጋኑን ሰክታችሁ ጥቂት ግፉ። ግሪሱ ቡሺንጉ ውስጥ ብቅ ካለ መንገዱ ክፍት ነው። ካላለ ኒፕሉን ፍቱና መንገዱን በሽቦ አጽዱ።

የክንዱ ቀዳዳ ራሱ፣ ቡሺንጉ የሚቀመጥበት ቤት ከሰፋ፣ በብየዳ ሞልቶ መልሶ የሚያስተካክል ባለሙያ ያስፈልጋል። ቆርቆሮ ጠቅልሎ ማስገባት ለጥቂት ቀን ይይዝና ቀዳዳውን የባሰ ያበላሸዋል።

## ደረጃ 4፦ አዲሱን ግጠሙ

1. ሰሌዳውን በክሪክ ወይም በፓራንኮ ወደ ክንዱ አምጡ። ፒኖቹን ስስ ግሪስ ቀቡ።

2. መጀመሪያ አንዱን የክንድ ፒን አስገቡ፣ ከዚያ ሌላውን። ቀዳዳ መገጣጠሙን በጣት አትፈትሹ። ሰሌዳው ትንሽ ከተንሸራተተ ጣት ይቆረጣል። ሹል ጫፍ ያለው ዘንግ አስገብታችሁ አስተካክሉ።

3. የጎን ክፍተቱን በሮንዴላ ሙሉ። ሰሌዳው በነጻ መዞር አለበት፣ ግን ግራና ቀኝ መንሸራተት የለበትም።

4. ሰሌዳውን በድጅኖ እያዞራችሁ ወደ ሲሊንደሩ ጫፍ አምጡት። ሲሊንደሩን ወደ ሰሌዳው ለመሳብ አትታገሉ። ውስጡ ዘይት ታምቆበታል፣ በእጅ አይሳብም።

5. ይህም ካልሆነ አንድ ሰው መቀመጫው ላይ ተቀምጦ ሞተሩን በዝግታ ያስነሳና ሲሊንደሩን በጥቂት በጥቂቱ ያንቀሳቅስ። በዚህ ጊዜ ሌላው ሰው ራቅ ብሎ በቃል ወይም በእጅ ምልክት ይምራው። ፒኑ የሚገባው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው።

6. የመያዣ ብሎኖቹን በማኑዋሉ በተጻፈው ቶርክ አጥብቁ።

7. አዲስ ግሪስ በጠርዙ ብቅ እስኪል ሁሉንም ነጥብ ግሪስ አድርጉ።

8. አታችመንት ሳትገጥሙ ሰሌዳውን በዝግታ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ኋላ አዘንብሉ። ብረት ከብረት የሚነካካበት ወይም ቱቦ የሚወጠርበት ቦታ ካለ ወዲያው አቁሙ። ሌላው ሁሉ ትክክል ከሆነ በፒኖቹ መሃል ያለው ርቀት ተሳስቷል ማለት ነው።

## ደረጃ 5፦ መቆለፉን አረጋግጡ

እጀታው ወርዷል ማለት ሽብልቁ ገብቷል ማለት አይደለም። ይህን ዓረፍተ ነገር ማሽኑ ውስጥ ጽፋችሁ ብትለጥፉት ደስ ይለኛል። ሽብልቁ ቀዳዳውን ስቶ ከአታችመንቱ ጀርባ ሊቆም ይችላል፤ እጀታው ግን የወረደ ይመስላል።

1. እጀታዎቹን ወደ ላይ ክፈቱ። መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ግፉ፣ ፊታችሁን አርቁ። እጀታው በሞላ ኃይል ሲፈናጠር አጥንት ይሰብራል።

2. ሰሌዳውን ወደ ፊት አዘንብላችሁ በዝግታ ቅረቡ። የላይኛው ጠርዝ ከባኬቱ ከንፈር ሥር ሙሉ በሙሉ ይግባ።

3. ወደ ኋላ አዘንብሉ፤ ባኬቱ ከመሬት በጥቂቱ ይነሳ። ሞተሩን አጥፉ፣ ብሬክ ያዙ፣ ውረዱ።

4. ሁለቱንም እጀታዎች እስኪቆለፉ ግፉ። ሞላው ሲይዛቸው በእጃችሁ ይሰማችኋል።

5. ጎንበስ ብላችሁ የባኬቱን የታችኛ ቀዳዳዎች ተመልከቱ። የሁለቱም ሽብልቆች ጫፍ በቀዳዳው አልፎ መታየትና ጠርዙን ነክሶ መያዝ አለበት። አንዱ ብቻ ከታየ አልተቆለፈም።

6. ወደ መቀመጫው ተመለሱ። በአካባቢው ሰው እንደሌለ አረጋግጡ። የባኬቱን ጫፍ መሬት ላይ አድርጋችሁ ወደ ፊት በማዘንበል በዝግታ ተጫኑ፣ የፊት ጎማዎቹ ቀለል እስኪሉ ብቻ። ባኬቱ ከሰሌዳው መላቀቅ የለበትም።

ከመጀመሪያው የሥራ ቀን በኋላ ብሎኖቹን በቶርክ ሬንች እንደገና ፈትሹ።

## ሽብልቅ፣ ሞላና እጀታ ብቻ ሲቀየር

ሞላው የታመቀ ጉልበት ይዟል። እጀታውን ሞላው በጣም በሚላላበት ቦታ አድርጉ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የእጀታውን ብሎን ፍቱ። ከሞላው ፊት ለፊት አትቁሙ። ሽብልቁ ከእጀታው ከተላቀቀ በኋላ ከመንገዱ ተስቦ ይወጣል። ዝገት ከያዘው በዘይትና በነሐስ መምቻ አላቁት።

መንገዱን በሽቦ ብሩሽ እስኪነጣ ፍቁት። አዲሱ ሽብልቅ በእጅ ሲገፋ ወደ ላይና ወደ ታች መሄድ አለበት። ግራና ቀኙን በአንድ ጊዜ ቀይሩ፣ ሞላዎቹንም ጭምር። አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ ሸክሙን እኩል አይካፈሉትም።

የተበላ ሽብልቅን በብየዳ ሞልታችሁ በሞረድ አታስተካክሉ። ብረቱ ሲጠነክር የተሰጠውን ባሕርይ ሙቀቱ ያጠፋዋል፤ ወይ ይለሰልሳል፣ ወይ ይሰነጠቃል።

ሰሌዳው ራሱ ላይ ብየዳ የግድ ከሆነ ባትሪውን ንቀሉ፣ የማሽኑን ኮምፒውተርም ማኑዋሉ በሚለው መሠረት አላቁ። የብየዳውን መሬት መያዣ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ሰኩት። ራቅ ብሎ ከተሰካ ኤሌክትሪኩ በፒንና በቡሺንግ በኩል አልፎ ያቃጥላቸዋል።

## በሃይድሮሊክ የሚቆለፍ ካፕለር ከሆነ

ከላይ ያለው ሁሉ ይሠራል። በተጨማሪ ቱቦዎቹን ከመፍታታችሁ በፊት ምልክት አድርጉ፣ ጫፋቸውን ወዲያው ክደኑ። የሚያንጠባጥበውን ቦታ በእጅ አትፈልጉ። ይህ ዘይት በ200 ባር አካባቢና ከዚያም በላይ ግፊት ይሠራል። በዓይን በማትታይ ቀዳዳ የሚወጣው ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። በካርቶን ፈልጉ። ቆዳ ውስጥ ከገባ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም፣ ባያምም፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂዱ። እግርም እጅም የሚቆረጠው ነገ እሄዳለሁ በማለት ነው።

ማብሪያውን ተጭናችሁ ድምፅ መስማት አይበቃም። እዚህም ወርዶ የሽብልቁን ጫፍ ማየት ነው።

## እንክብካቤ

በየ8 እስከ 10 የሥራ ሰዓት የክንዱን ፒኖች፣ የሲሊንደሩን ፒኖችና የሽብልቆቹን የግሪስ ነጥቦች ግሪስ አድርጉ። የእናንተ ማኑዋል ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ። ጭቃ ወይም ሲሚንቶ ውስጥ የዋለ ማሽን በዚያው ማታ ይታጠብ። ከታጠበ በኋላ ደግሞ እንደገና ግሪስ ይደረግ፤ ውሃው ግሪሱን ይዞት ይሄዳል።

አታችመንት በተቀየረ ቁጥር የሰሌዳውን ፊትና የአታችመንቱን ጀርባ በመጥረጊያ ጥረጉ። በመካከላቸው የቀረ አንድ ጠጠር ሰሌዳውን ቀስ በቀስ ያጎብጠዋል።

## ሲበላሽ ምን ይደረግ

ግሪስ አልገባም ካለ፦ ኒፕሉን ቀይሩ። አሁንም ካልገባ ሸክሙን ከፒኑ ላይ አንሱና ሰሌዳውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያዘነበላችሁ ሞክሩ። ካልሆነ ፒኑ ወጥቶ መንገዱ ይጸዳል።

እጀታው አልወርድ ካለ፦ በመዶሻ አትምቱት፣ በቧንቧም አታስረዝሙት። ባኬቱ ሰሌዳው ላይ ተመቻችቶ አልተቀመጠም። ወደ ኋላ አዘንብላችሁ እንደገና ሞክሩ። ካልሆነ አውርዳችሁ በመካከሉ የገባውን አፈር አውጡ።

እጀታው ያለ ምንም ተቃውሞ ከወረደ፦ ሞላው ተሰብሯል ወይም ደክሟል። ሞላው ሳይቀየር ማሽኑ አይሥራ።

ሽብልቁ ወርዶ ባኬቱ አሁንም ከተጫወተ፦ ሌላ አታችመንት ግጠሙ። እሱ ጠብቆ ከተያዘ የመጀመሪያውን ባኬት ቀዳዳና ከንፈር ወደሚያድስ በያጅ ውሰዱት።